ለእናቴ ጉልበት የባሕር ውኃ

በእኛ ጊዜ እንዲህ እንደ ዛሬ ልጅ ሻንጣ አንጠልጥሎ «ደርሼ መጣሁ» የሚባል የባሕር ማዶ መንገድ አልነበረም። ጣልያን ሳይገባ ነው የማወራችሁ። ባቡሩ ግን ገብቷል፣ ፒያሳ የሚባል ስም ደግሞ ገና የለም፣ አራዳ ነው፣ ሁሉም አራዳ ነው፣ ገበያው ጊዮርጊስ ሥር፣ የአርመኑም የግሪኩም የህንዱም ሱቅ እዚያው ዙሪያውን። ቀረብ በሉ እንጂ፣ እኔ ጮኼ አላወራም፤ አንቺም ያን ሬዲዮ ዝጊው፣ ወይ እሱን ስሚ ወይ እኔን።

ታዲያ ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። አንዷ እኔ አስካለ፣ ያኔ ባሌን ፈትቼ እናቴ ቤት የተመለስኩ፣ ከእናቴ በቀር በዚህ ምድር የኔ የምለው ሰው የሌለኝ። ሁለተኛዋ ዘነበች፣ ባልና ሁለት ልጆች ያሏት፣ ልቧ ፈሪ፣ አፏ ግን ማንንም የማይፈራ። ሦስተኛዋ ሩቅያ፣ የወሎ ልጅ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ፣ ባሏ ሰዒድ ጅቡቲ እየተመላለሰ ጨርቅ የሚነግድ። እና አንድ ቀን ሩቅያ ዘላ ገባችና፣ «ሰዒድ ዘንድሮ ይዞኝ ይሄዳል፤ ብቻዬን አልሄድም ብዬዋለሁ፣ እናንተም ትመጣላችሁ» አለች። በቃ፣ እንዲህ ነው የተነሣው። ዘነበች የእህቷ ሠርግ ደርሶባታል፣ ለሙሽራዋ ካባ የሚሆን ከፋይ ጨርቅ ትፈልጋለች፣ «አራዳ ያለው ከፋይ ብርሃን ላይ ሲያዩት በራሱ ያፍራል» ትላለች። እኔ ምንም አልፈልግም፤ ባሕር ማየት ብቻ ነው የፈለግሁት።

እናቴ ግን ያን ክረምት ታማ ነበር። ተነሥታለች፣ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ጉልበቷ ግን አልተመለሰላትም። «እማዬ፣ ትቼሽስ አልሄድም» ብላት፣

«ሂጂ!» አለችኝ። «እኔ እንኳን ባሕር ጊዮርጊስም ጉልበቴ አያደርሰኝ። አንቺ እይልኝ። እና ደግሞ ከባሕሩ ውኃ በጠርሙስ አምጪልኝ፣ ለጉልበት ፍቱን ነው ይላሉ።»

«ማነው የሚል?»

«ይላሉ ነው የምልሽ!»

እንዲህ ነበረች። ሄድን። ባቡሩ ያኔ ሲመሽ አይሄድም፣ አዋሽ ታድራላችሁ፣ ድሬዳዋ ታድራላችሁ፣ ከዚያ ነው ጅቡቲ። ጭሱ በመስኮት ይገባል፣ ጥላሸቱ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ዘነበች ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር ታማትባለች፣ ሰዒድ «ቢያቆም ነው እንጂ ቢያፏጭ ምን ያስፈራል!» እያለ ይስቅባታል። ጅቡቲ ስንደርስ ሙቀቱ፣ ኧረ ሙቀቱ! ከባቡር የወረድን ሳይሆን እሳት ቤት የገባን ነው የመሰለኝ። የሩቅያ አክስት ቤት አረፍን። ያኔ እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፣ ጠብ አይደለም፣ ወግ ነው፤ ታዲያ አክስትየው በአዲስ ድስት ምስር ሠሩልን፣ ዘነበችም ከአራዳ የቋጠረችውን ሽሮ አወጣች፣ «ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ ሽሮ በላ ብዬ ለማን ላውራ!» እያለች።

በማግሥቱ ማለዳ ባሕሩ ዳር ወረድን። ዘነበች ቆማ አየችው፣ አየችው፣ አየችውና «ይኼ ሁሉ ውኃ የማነው?» አለች። ሰዒድ «የእግዜር» ቢላት «ባለቤት ያለው አይመስልም» አለች። ሳቅን፣ ጫማችንን አውልቀን ገባን፣ ማዕበሉ መጣና ከጉልበታችን በታች አራሰን፣ የነጠላችን ጥለት፣ ያ ከታች ያለው ጌጡ፣ በጨው ውኃ ተነክሮ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ጠርሙሴን ሞላሁ፣ አፉን በሰም ደፈንኩ፣ ለእናቴ። እና ስንመለስ ፀሐዩ ሲከፋ ያን የራሰውን ጥለት ወደ ላይ አነሣሁና አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። ኧረ ቅዝቃዜው! «ይኼማ ገነት ነው!» አልኳቸው። ዘነበችም እንዲሁ አደረገች፣ ሩቅያም እንዲሁ አደረገች...

«እንዴ እማማ! ጥለቱን ወደ አንገት? ይኼማ እኮ የ...»

ዝም በይ! ካወቅሽው ያዢው፣ አፍሽ ውስጥ ያዢው። እኛ አላስተዋልንም። ነጠላ የለበሰ ሰው ራሱን አያይም፣ የሚያየው ሌላው ነው።

ታዲያ ከዚያው ወደ ገበያ። ሰዒድ ጉምሩክ ጣጣ አለበት፣ «እዚህ ዐረቡ ሱቅ ቆዩኝ» ብሎን ሄደ። ዘነበች ከፋዩን ዘርግታ ቀዩን ታነሣለች፣ ወይን ጠጁን ታነሣለች፣ ዐረቡ በዐረብኛ ይምላል፣ እሷ በአማርኛ ትምልለታለች። እኔ አንዲት ቆንጆ ዣንጥላ ገዝቻለሁ፣ ሰማያዊ፣ ዘርፍ ያላት። ዓይናችን ከጥላሸቱና ከጨዉ የተነሣ በርበሬ መስሏል። እንዲህ ሆነን ሳለ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ጋሽ ወልደየስ!

ጋሽ ወልደየስን አታውቋቸውም። አራዳ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ እና እሳቸው ባሉበት ሰው ከፍቶት አያውቅም። ሰው ቢያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» የሚሉት ቀልድ ጨምረውበት ነው። ከጀርባ ሲስቁ ሰማኋቸው፣ ከውጭ ጀምረው እየሳቁ ነው የገቡት። አዩን። ሳቁ ቀጥ! ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መሬት መሬት አዩ።

«ጋሽ ወልደየስ! እርስዎም እዚህ?» አልኳቸው።

«አዎ... እዚህ... እንዴት ናችሁ... በርቱ፣ በርቱ።»

«አራዳ ደህና ነው?»

«አራዳማ ምን ይሆናል» አሉ፣ «ሰው ነው እንጂ የሚሄደው።»

እናንተዬ፣ እኔ እዚያው እናቴን ነው ያሰብኩት፣ ሌላ ማንን አስባለሁ! «እናቴንስ... እናቴን ሰሞኑን አይተዋታል?» ብዬ ስጠይቅ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እናትሽ!» አሉ። «እሳቸውን የመሰለ ሰው ከየት ይገኛል። አይዞሽ ልጄ። አይዞሽ።»

ዕቃችንን ከእጃችን ነጠቁና ተሸከሙልን፣ እኒያ ትልቅ ሰው፣ በዚያ ፀሐይ፣ እስከ አክስትየው በር ድረስ። በሩ ላይ «እኔ በነገው ባቡር እገባለሁ» አሉ፤ «እናንተም አትቆዩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአገር ሰው ጋር መሆን ይሻላል።» ሄዱ። አንድ ቀልድ ሳይጥሉ ሄዱ።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ላገኙት ሰው አይነገርም። የሞተበት ሰው ባዕድ አገር ካለ ያወቀ ሁሉ ይደብቀዋል፣ ይስቅለታል፣ ያጎርሰዋል፣ ቤቱ ሲገባ ነው በማለዳ ሽማግሌ ሰብስበው የሚያረዱት። ታዲያ እኛ በሩን ዘግተን ተያየን። ዘነበች ናት መጀመሪያ የተነፈሰችው።

«ሞቶብናል» አለች።

«በማናችን?» አልኳት።

«እንጃ! አስካለ፣ እንባቸው የመጣው ያንቺን እናት ስትጠሪ ነው።» ወዲያው ደግሞ ብድግ አለች። «አይደለም፣ አይደለም! እኔን ቀና ብለው አላዩኝም! ልጆቼ ናቸው! ስለ ልጆቼ ነው ማየት ያቃታቸው!»

ሩቅያ ደግሞ ከዚያ ማዶ፣ «እኔንስ በሩ ላይ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። መቼ ጨብጠውኝ ያውቃሉ? ልጄን ከአማቴ ጋር ትቼ... ያ አላህ!»

ሰዒድ ሲመጣ ሦስታችን በሦስት ማዕዘን ተቀምጠን እናለቅሳለን። ነገርነው፣ ሳቀ። «እናንተ ሴቶች፣ ሰው ቢናገር ነገር፣ ዝም ቢል ሞት! ሰውየው ሆዱን አሞት ይሆናል» አለ። ቆይቶ ግን አየሁት፣ ጢሙን ይጎትታል። እሱም እናት አለው እኮ።

«ታዲያ እማማ፣ ሽቦ አትልኩም ነበር? ቴሌግራሙ ነበረ አይደል?»

ነበረ። ሰዒድም «ሽቦ ልላክ» አለ። ዘነበች ምን አለችው? «ላክ እሺ! ምን ብለው ይመልሳሉ? ደህና ናቸው ነው የሚሉት። ቢሞቱም ደህና ናቸው፣ ቢኖሩም ደህና ናቸው። መርዶ በሽቦ የሚነግርህ የትኛው ወገንህ ነው?» እውነቷን ነው። እኔም አሰብኩት፣ «ደህና ነች» የሚል ቃል ቢመጣ የባሰ ነበር የማለቅሰው። እና አልተላከም።

ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፤ የጋሽ ወልደየስ ባቡር ሄደ፣ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነበረብን። ሰዒድ ሊያጫውተን መርከብ ሊያሳየን ወሰደን፣ ሠፈር የሚያህል መርከብ ነው አሉ፣ እኔ ምኑንም አላየሁት። ሰው ሲናገረኝ አፉን አያለሁ፣ ቃሉ አይገባኝም። ሌት ቀን የማስበው አንድ ነገር ነው። ማን ገነዛት? ማን ዓይኗን ከደነ? «ሂጂ» ያለችኝ ልትሞት መሆኑን አውቃ ይሆን? ዘነበች ከፋዩን ልትገዛ ተመልሳ ሄደችና ምን ይዛ መጣች፣ ጥቁር!

«ለሙሽራ ጥቁር?» አለቻት ሩቅያ።

«በወርቅ ክር ካስጠለፍኩት ለሠርግ ይሆናል» አለች፣ «ካላስጠለፍኩትም... ለሌላው ይሆናል።»

ያኔ አልሳቅንም። ማንም አልሳቀም።

ተሳፈርን። በረሃው ያው እሳት ነው፣ ያቺን ዘዴ ደግሞ ለምደናታል፣ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ጥለታችንን ውኃ እንነክርና ወደ አንገታችን። እና አሁን ጉዱን ስሙ። ሰው ሁሉ ደግ ሆነብን። አንድ ወታደር ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልን። አንዲት የማናውቃት ሴት ዳቦዋን ቆርሳ እጄ ውስጥ አስገባችና ፊቷን አዞረች። ድሬዳዋ ያደርንበት ቤት ባለቤቷ እግራችንን አጥባ ያላትን ደህና አልጋ ለቀቀችልን፣ ደሞ በእግሯ ጣት ነው የምትሄደው፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ሲሄዱ ያልነበረ ደግነት! ዘነበች ጆሮዬ ሥር «አየሽ? መንገዱ ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማነው እኛ ብቻ ነን» ትለኛለች። ደግነት እንዲህ እንደሚያስፈራ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሰው ባጎረሰኝ ቁጥር እናቴ አንድ ጊዜ ትሞትብኛለች።

ከአዋሽ ወዲህ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከፊቴ ተቀመጡ። አዩኝና «ልጄ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን» አሉ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አባቴ፣ በመስቀልዎ ይንገሩኝ፣ ምን ሰምተው ነው?»

«እኔ ምን እሰማለሁ» አሉ ተደናግጠው። «ያየሁትን ነው የተናገርኩ።»

ያየሁትን ነው አሉ፤ ያኔ እሳቸው ብቻ እውነቱን ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን የት ልብ አለኝ! ጠርሙሴን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ «ጊዮርጊስ፣ አራዳው ጊዮርጊስ፣ በነፍሷ ካገኘኋት ይቺን ዣንጥላ ላንተ» ብዬ ተሳልኩ። ዘርፍ ያላትን። ስሳሳላት ነበር እኮ፣ ግን ተሳልኩ።

አዲስ አበባ ስንቃረብ ብርዱ መጣ፣ እኛ ግን በዚያው አለባበስ ተኮራምተናል፤ ጥለቱ ደርቋል፣ ማን ልብ ብሎ ያውርደው። ባቡሩ ጣቢያው ጋ ቀዝቀዝ ሲል ዋይታ ሰማን። ዋይ ዋይ የሚል፣ የብዙ ሰው። ዘነበች እጄን ጨመቀችውና «በቃ» አለች። በመስኮት አየሁ፣ የሠፈር ሰው ሁሉ ነው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ተደባልቆ ደረቱን ይመታል። የዘነበችን ባል አየሁት፣ ሁለቱን ልጆች በግራ በቀኝ ይዟል፣ ዘነበች «ልጆቼ!» ብላ ጮኸች። የሩቅያ ልጅ አያቱ ጀርባ ላይ ታዝሏል። ሁሉም አሉ። አየሁ፣ ፈለግሁ፣ አየሁ፣ እናቴ የለችም። የቀረው የእኔው ነው ማለት ነው፣ ሌላ ማን ቀረ?

በዚህ መሐል ሰዒድ ፍራሽ የሚያህል ጥቅል ተሸክሞ ወረደ። ዋይታውን ሲሰማ ጥቅሉን ጣለና እሱም ማልቀስ ጀመረ፣ «ማነው? ማነው የሞተው? ንገሩኝ፣ ወንድ ነኝ እችላለሁ!» እያለ። ሕዝቡ ፀጥ። ፀጥ ብሎ አፉን ከፍቶ ያየዋል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉና፣

«አንተ ነህ» አሉት።

«ምን?»

«የሞትከው አንተ ነህ። ትላንት ነው ለቅሶ የተቀመጥንልህ።»

የሰዒድ እናት ልጁን እንዳዘሉ በጉልበታቸው ወደቁ፣ ሩቅያ ጮኸች፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ሰዒድን ይዳስሳል። እኔ ግን አልሰማም። እኔ ሰው እየገፋሁ ነው። ከሕዝቡ ኋላ፣ ከአንድ ግንብ ሥር፣ አንዲት ሴት ተደግፋ ቆማለች፣ ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች። እናቴ! ከአራዳ እስከ ለገሃር ያን ቁልቁለት በእግሯ ወርዳ!

«እማዬ፣ ማን ሞተ?» አልኳት።

«አንቺስ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

እኩል ነው የተናገርነው። እና ተቃቀፍን፣ አጥንቷን ቆጠርኩት፣ ሞቃለች፣ ትተነፍሳለች፣ የራሷን ጠረን ትሸታለች። ከዚያ ራቅ አደረገችኝና አንገቴ ላይ ያለውን ጥለት በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ይኼን ያዞርሽው ለማን ነው?» አለች።

አየሁት። ያኔ ነው ያየሁት። ዞር ብዬ ዘነበችን አየሁ፣ ሩቅያን አየሁ፣ ሦስታችንም የሐዘን ለብሰን! የሐዘን ለብሰን ነው ጅቡቲ ገበያ የዞርነው፣ የሐዘን ለብሰን ነው ከፋይ የመረጥነው! ጋሽ ወልደየስ ያንን አይተዋል፣ «እነዚህ ልጆች መርዶ ደርሷቸዋል» ብለው ልባቸው ተሰብሯል፣ እኔ ስለ እናቴ ስጠይቅ ደግሞ ለእሷ የማለቅስ መስሏቸዋል። አራዳ ሲደርሱ ሊያለቅሱ ቀጥታ እናቴ ቤት ቢሄዱ በሩን የከፈተችላቸው ማን ሆነች? ራሷ! «ታዲያ ልጆቹ የሐዘን የለበሱት ለማን ነው?» ተባለ። የዘነበች ባል አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ የሩቅያ ልጅ አለ። «ከሴቶቹ ጋር ያላዩት ማነው?» ተባለ። ሰዒድ! ጉምሩክ የሄደው ሰዒድ! በቃ ቀበሩት።

እናቴ ጥለቴን ራሷ አወረደችልኝ፣ የራሷንም አወረደች። ከዚያ አቅፌው የነበረውን ጠርሙስ አየች። «ይኼ ነው ውኃው?» አለች። «በይ አቆዪው፤ ጉልበቴን በድንጋጤ አድናችሁኛል።»

ጋሽ ወልደየስን ሠፈሩ ሁሉ ጠመዳቸው። «ምን አጠፋሁ?» ይላሉ፣ «ሁልጊዜ አፍህን ዝጋ ትሉኝ አልነበር? ብዘጋው አይደል አገር ያለቀሰው!» ሰዒድም ለብዙ ጊዜ ሱቃቸው እየገባ «ነፍስ ይማሬን ሳልቀበል ዕቃ አልገዛም» ይላቸው ነበር። ዘነበች ጥቁሩን ከፋይ በወርቅ አስጠለፈችው፣ ያን ዓመት እንደ እሷ እህት ያማረባት ሙሽራ አልነበረችም። ዣንጥላዬም ጊዮርጊስ ገባች፣ ስንት ዓመት በበዓል ስትወጣ አይቻታለሁ፣ ዘርፏን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ኖረች። ጣልያን ገባ፣ ጣልያን ወጣ፣ እሷ አለች። በመጨረሻ ያው የማይቀረው መጣ። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ ነጠላዬን አነሣሁና ጥለቱን ወደ አንገቴ ላዞር ስል እጄ ቆመ። ያ ጣቢያ ላይ በሁለት ጣቷ ይዛ «ለማን ነው?» ያለችኝ ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ መጣ። እና ሳቅሁ። በእናቴ ለቅሶ ላይ ሳቅሁ! ሰው አበደች አለኝ። የገባት ዘነበች ብቻ ናት፣ ከዚያ ማዶ ሆና አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፣ ይሳቅ ይለቀስ እሷም አታውቀው።

«ላንቺ ነው፣ እማዬ» አልኩና አዞርኩት።

...ምነው አቀረቀራችሁ? ጨዋታ ነው እኮ።

«እማማ፣ ባሕሩስ? ስለ ባሕሩ እኮ ምንም አልነገሩንም። እንዴት ነበር?»

ባሕሩ? ጨው ነው፣ ልጄ። የቀረውን አላየሁትም። እኔ ጅቡቲ ሆኜ ዓይኔ አራዳ ነበር።